የአማቹ ተራ

አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሌላው እንዲናገር ከሥር ሆኖ ሲደግፍ ኖሮ ቢያልፍ፣ ሕይወቱ ምን ትመዝናለች? ሚዛን ላይ ስትወጣ የእሱ ተብላ ትቆጠራለች ወይስ የተናጋሪው? ይህን ጥያቄ ፈላስፋ ቢያነሣው ወንበር ስቦ፣ አገጩን ይዞ ነው። ቁንጥንጥ ግን በእግሩ ነበር የሚያነሣው፤ ከግድግዳ ግድግዳ እየተንጎራደደ፣ መልሱ በበሩ ወጥቶ እንዳያመልጠው የሚጠብቅ ይመስል።

ቁንጥንጥ የወጣለት ስም ነው። ሥራው ሶፋ ማደስ ነበር። ስፖንጅና ሙጫ የምትሸት ጠባብ ሱቅ ነበረችው፤ እዚያ ውስጥ የሰው ሁሉ መቀመጫ ሆዱ ተዘርግፎ፣ ስፕሪንጉ እንደ አንጀት ተጎልጉሎ ይጠብቀዋል። የዳኛ ወንበር፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር፣ የአዲስ ሙሽሮች ሶፋ። ምስማሮቹን በከንፈሩ ይዞ፣ አንድ በአንድ በምላሱ እየገፋ፣ በትንሿ መዶሻ ጨርቁን ይወጥራል። ሌላውን ሲያስቀምጥ የሚውል ሰው ግን ራሱ መቀመጥ አይሆንለትም። ምሳውን ቆሞ ይበላል። ጋዜጣ እየተራመደ ያነባል። እንግዳ ሲመጣበት ሁለቴ ቁጭ ብሎ ሦስቴ ይነሣል። "ይሄ ሰውዬ ሲፈጠር ምስማሩ ወደ ላይ ቀርቶበታል" ይሉ ነበር ጎረቤቶቹ።

እንዲህ ላለ ሰው የሚሆን የሙዚቃ መሣሪያ ቢኖር ደብል ባስ ነው። ባለ ወፍራም ሽቦ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ቆመው አቅፈው የሚጫወቱት፣ ድምፁ ከጆሮ ይልቅ በጫማ ሶል የሚሰማ። ከአንድ ከተዘጋ ቲያትር ቤት ወንበሮች ጋር ተጥሎ አገኘው፤ የተሰነጠቀ ሆዱን ራሱ ጠገነው፤ መጫወቱንም ራሱን በራሱ አስተማረ። ሚስቱ ባሱን "ጣውንቴ" ነበር የምትለው። የመኝታ ቤቱ ጥግ የጣውንቲቱ ነው፤ ቁም ሳጥኑ ተነሥቶ ቦታው ለእሷ ተለቅቋል።

"ዛሬም ከእሷ ጋር ነህ?" ትለዋለች እሑድ በመጣ ቁጥር።

"ወጣ ብዬ ልምጣ።"

"እኔን እንዲህ አቅፈህ ደረጃ ወርደህ ታውቃለህ?"

"አንቺ እግር አለሽ።"

"እሷ ደግሞ ምላስ የላትም። ለዚህ ነው የወደድካት።"

ይህን ሁሉ ብላ በሩን የምትይዝለት ግን እሷው ነበረች። ምክንያቱም አሳድጋ ለወግ ያበቃችው ታናሽ ወንድሟ ቁንጥንጥ በሚጫወትበት ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ይነፋል።

ይህ አማቹ ቀን ቀን ፖስታ ቤት መስኮት ኋላ ተቀምጦ በደብዳቤ ላይ ማኅተም ሲመታ ይውላል። ማኅተሙንም ቢሆን ዝም ብሎ አይመታም፤ ሦስት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት፣ አንድ ጭራሽ ከሰው ጆሮ የማይደርስ። ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሳያውቀው እግሩ ይንቀሳቀሳል። ቁንጥንጥን "ጋሼ" ይለዋል፤ ያከብረዋል፤ ግን ያሾፍበታል። "ጋሼ፣ አንተ ባትኖር እኔ አየር ላይ እቀራለሁ፤ ስላለህ ግን ማንም አያየኝም" ይለዋል። ምን ማለቱ እንደሆነ ቁንጥንጥ ተረድቶት አያውቅም፤ ሲለው ግን ደስ ይለው ነበር።

ባንዱ አራት ሰው ነበር። ሁለቱ አማቾች፣ አንድ ወፍራም ከበሮ መቺ፣ እና መሪያቸው ፒያኒስት። ፒያኒስቱ የሂሳብ መምህር ነው፤ ሲናገርም ሲጫወትም አንድ ትርፍ ነገር አያወጣም። የሚጫወቱት በሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ፣ እሑድ ከሰዓት ነበር፤ ሰዓት እላፊ ከታወጀ ወዲህ ሙዚቃ የቀን ሥራ ሆኖ ነበርና።

የሚጫወቱት ጃዝ ነው። የጃዝ ሕጉ ቀላል ነው። ዜማው በጋራ ይጀመራል። ከዚያ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ በዚያው ዜማ ላይ የራሱን ይናገራል፣ ሌሎቹ ከሥር ይይዙለታል፤ ሲጨርስ ለቀጣዩ ይለቃል። በመጨረሻ ተመልሰው በጋራ ይዘጉታል። አንዱ ብቻ በሚናገርበትና ሌላው ሁሉ በሚያጨበጭብበት አገር ይህን ማየት ብቻውን ያስደነግጣል። ሰው ለሰው ተራ ይሰጣል! ባለተራው ያልተጻፈለትን ይናገራል፣ የሚያቋርጠውም የለም! ሹማምንቱ ለዘፈን ግጥም ቀይ እስክሪብቶ የያዘ መርማሪ ነበራቸው። ግጥም የሌለው ነገር ሲመጣ ግን እስክሪብቶው የሚያርፍበት አጣ።

በየማለዳው፣ በየመንገዱ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንድ የሰልፍ ማርሽ ይለቀቅ ነበር። ሕፃን አዋቂ ያውቀዋል፤ ፊቱን የሚታጠብ ሁሉ ሳይወድ በእሱ ምት ይታጠባል። አንድ እሑድ አማቹ ተራው ሲደርስ ያንን ማርሽ አነሣ። አንድ ምት አዘገየው። ቀጥሎ ሌላ አዘገየ። ማርሹ ጫማ የጠበበው ሰው መሰለ፤ አነከሰ፤ ቆይቶ ሰከረ፤ በመጨረሻ ግድግዳ ተደግፎ ማልቀስ ጀመረ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰዎች ዓይናቸውን እየጠረጉ እርስ በርስ ተያዩ፤ ለካ ሁሉም ያንን ማርሽ ይጠላው ኖሯል፣ ለካ እያንዳንዱ ብቻውን የሚጠላው መስሎት ኖሯል። ቁንጥንጥ ከሥር ሆኖ ሰካራሙ ማርሽ እንዳይወድቅ ያዘው። በዕድሜው እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም።

በማግሥቱ አማቹን ከመስኮቱ ኋላ ማኅተሙን እንደያዘ ወሰዱት።

ቁንጥንጥን ግን ማንም አልጠየቀውም። ማርሹ ሲሰክር ክንዱን የያዘለት እሱ ነበር፤ ግን ባስ ማን ይሰማል?

"አንተንስ ለምን ተዉህ?" አለችው ሚስቱ በዚያ ሳምንት፣ ለወንድሟ የሚላክ ሹራብ እያጠፈች። ክፉ አስባ አልነበረም፤ እንዲያውም አንገቷን ቀና አላደረገችም። ጥያቄዋ ግን ገብታ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ቁንጥንጥ መቆምም አልሆነለትም።

በቀጣዩ እሑድ ሦስቱ ተሰበሰቡ። "ከቀረን ፈሩ ይባላል" አለ ፒያኒስቱ። "እንጫወት። የእሱ ተራ ሲደርስ በአገጬ ምልክት እሰጣለሁ፤ ዘለን ወደ መዝጊያው እንገባለን።" ተስማሙ። ተራው ደረሰ፣ ፒያኒስቱ አገጩን አነሣ። ጣቶች ግን የራሳቸው ልማድ አላቸው። የቁንጥንጥ ጣቶች ለዓመታት እዚህች ቦታ ላይ አማቹን ይዘው ሲራመዱ የኖሩ ናቸው፤ ምልክት አላዩም፣ ቀጠሉ። ከበሮ መቺው ባሱን ተከተለ። ፒያኒስቱ እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ተራው ሰው ሳይዝ መሄድ ጀመረ። ቁንጥንጥ መሳሳቱን ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ መሀል ላይ ማቆም ደግሞ የባሰ ነውር ነውና አንገቱን ደፍቶ ጨረሰው። ቀና ሲል ብርጭቆ የያዘው ሁሉ አስቀምጦ፣ ባርኔጣ ያደረገው ሁሉ አውልቆ፣ አዳራሹ እስትንፋሱን ይዟል።

"አንተ ልብ ያለህ ሰው ነህ!" አለው ፒያኒስቱ ከመድረክ ሲወርዱ፣ እጁን በሁለት እጁ ጨብጦ።

"ኧረ ተሳስቼ ነው!"

"ይህን ለማንም እንዳትናገር።"

በሚቀጥለው እሑድ ቦታ አልበቃም፤ ሕዝቡ በመስኮት ተንጠላጠለ። የሚመጣው ለፒያኖው አልነበረም፤ ለዚያች ለማትነፋ ተራ ነው። ወሬው የባህል ቢሮው ሹም ዘንድ ደረሰና፣ ሹሙ ራሱ መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። ሲያበቃ ወደ መድረኩ ወጣ።

"እዚህች ላይ፣ መሀል ላይ፣ ማነው የሚጫወተው?"

"ማንም፣ ጌታዬ" አለ ፒያኒስቱ።

"ምንድን ነው የሚጫወተው?"

"ምንም።"

"ይህ ምንም የምትለው ነገር ተመርምሯል?"

"ምንም ስለሆነ አላስመረመርነውም።"

ከበሮ መቺው ሳቁን ለመዋጥ አጎንብሶ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ጫማው ክር አልነበረውም።

ሹሙ ወደ ቁንጥንጥ ዞረ። "አንተስ? ምንም ከሌለ ምኑን ነው የምታጅበው?"

ቁንጥንጥ ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው ተዛወረ። "ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ጌታዬ።"

"ሙሉት! ሰው አስገቡበት!" ብሎ ወጣ ሹሙ።

ሰው ይግባ ተባለ፤ ማን ይግባ? በከተማው ውስጥ ሳክስፎን የሚነፋ ሁሉ በአንድ ሰሞን ታመመ። አንዱ ከንፈሩን አለ፣ ሌላው ሳንባውን። አንደኛውማ፣ ሰው ሁሉ ሲነፋ ያየው፣ ሳክስፎን በእጁ ነክቶ እንደማያውቅ ምሎ ተገዘተ። ሹሙም ባዶ ነገር ከለከለ እንዳይባል ፈርቶ ይሁን ደክሞት፣ ነገሩን ተወው።

ዝምታ ባለቤት የለውም፤ የገባበት ሁሉ ቤቴ ይለዋል። ያቺ ተራ መጀመሪያ የአማቹ ነበረች። እየቆየ ልጁ የጠፋበት አባት ልጁን፣ ባሏ የታሰረባት ባሏን አስገባባት። አንዲት አሮጊት ነበረች፤ አንድ ልጇ ከዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሉ ተወስዶ የውሃ ሽታ የሆነባት። ከፊት ረድፍ ትቀመጣለች፣ ያቺ ተራ ስትደርስ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ሲያበቃ ለጎረቤቷ "ዛሬ ደኅና ነበር" ወይም "ዛሬስ ከፍቶታል" ትላለች። ቁንጥንጥ ይህን እየሰማ በየሳምንቱ ጣቶቹ ይከብዱ ጀመር። አንድ ሰው ለመያዝ የለመደ ባስ ከተማ ሙሉ ሰው ተጭኖበታል።

ዓመታት አለፉ። አንድ ጠዋት፣ ቁንጥንጥ ምስማር በአፉ ይዞ ሲመታ፣ በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ሊጮህ ብሎ ምስማሮቹን ሊውጣቸው ነበር። አማቹ ነው። ልብሱ ሰፍቶታል። ሲስቅ የፊት ጥርሶቹ የሉም።

"ጋሼ፣ መቀመጫ አታጣም መቼም" አለ።

ያን ዕለት ያለቀለት የዳኛው ወንበር ብቻ ነበር።

"እሱ ላይስ አልቀመጥም፤ ከእነሱ ጋር ሒሳባችንን ጨርሰናል" ብሎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ሳክስፎን በከንፈር ብቻ አይነፋም፤ የመንፊያውን አፍ አጥብቆ የሚይዘው የላይኛው ጥርስ ነው። አማቹ ግን በየቀኑ ሱቁ ውስጥ፣ ስፖንጁ ድምፁን እየዋጠለት፣ ድድና ከንፈሩን ሲያስተምር ዋለ። ድምፁ ያፏጫል፣ ይንተፋተፋል፣ የሚፈስ ቧንቧ ይመስላል። አልፎ አልፎ ግን ከዚያ ውስጥ አንዲት ቀጥ ያለች ድምፅ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ ቁንጥንጥ መዶሻውን እንዳነሣ ይቀራል። ሚስቱ የምሳ ሳህን ይዛ በር ላይ ትቆማለች እንጂ አትገባም፤ ብትገባ ወንድሟ ያቺን ድምፅ እንዳያጣት ትፈራለች።

"ተራውን መልስለት" አለችው አንድ ቀን።

"የእኔ ነው እንዴ?"

"ይዘሃት የኖርከው አንተ ነህ። ሥራ ስጡኝ አላለም፣ ካሱኝ አላለም። ይህችን ብቻ ነው የሚፈልገው። መልስለት።"

ቁንጥንጥ ፒያኒስቱ ቤት ሄደ። ፒያኒስቱ የተማሪ ፈተና ከፊቱ ከምሮ አዳመጠውና ራሱን ነቀነቀ።

"እሱ ተፈታ፤ ሌሎቹስ? እሑድ እሱ ከነፋ፣ ሰኞ ጋዜጣው ሁሉም ተመልሷል ብሎ ይጽፋል። ሌላ ዜማ ላይ ይንፋ።"

"ሌላ ዜማ ላይ አይደለም የወሰዱት።"

"ተራዋ እኮ የእሱ ብቻ አይደለችም አሁን።"

"ከማን ወስዳችሁ ነው ለሌላው የሰጣችሁት?" አለ ቁንጥንጥ፣ በበሩና በመስኮቱ መካከል እየተመላለሰ። "እሱን ጠየቃችሁት? ማርሹን ያሰከረው እሱ፣ ጥርሱን የገበረው እሱ! ያ ሁሉ ሰው እንዲናገር ተብሎ አይደለም እንዴ የጀመርነው?"

ፒያኒስቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያለውም ውሸት አልነበረም። ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው። ሐሰትና እውነት ሲጋጩ ሰው ወገኑን ይለያል፤ እውነትና እውነት ሲጋጩ ግን መሀል የገባው ይደቃል። የፈተናውን ክምር ወደ ጎን ገፋና "ይሞክር" አለ።

እሑድ መጣ። ዜማው ተጀመረ፣ ፒያኖው ተራውን ጨረሰ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አማቹ ከመጋረጃው ጥግ ወጥቶ ቆመ፣ ሳክስፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ፣ ነፋ። የመጀመሪያው አየር ብቻ ነበር። ሁለተኛው አፏጨ።

"እሽሽ!" አለ አንድ ሰው።

"ማነው ይሄ?" "ምን ዓይነቱ ደፋር ነው? አውርዱት!"

የከሳውን፣ ጥርስ የለሹን ሰው ማንም አላወቀውም። ለስንት ዓመት ባርኔጣ ሲያወልቁለት የኖሩት ሰው ፊታቸው ቆሞ እሽሽ ተባለ። አማቹ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ፤ ያቺ ቀጥ ያለች ድምፅ እስክትመጣለት መታገሉ ነበር። ያን ጊዜ አሮጊቷ ከፊት ረድፍ ተነሣች። አልጮኸችም።

"ልጄ፣ እባክህን ዝም በልልኝ" አለችው። "ልጄን ልስማበት።"

ሳክስፎኑን ከአፉ አወረደ። እንደ ተጠራ ተማሪ እጁን ሰብስቦ ተራው እስኪያልቅ እዚያው ቆመ፤ በቁሙ ለራሱ መታሰቢያ ሆነ። ቁንጥንጥ ማቆም ነበረበት፤ ካልሆነም መጮህ፣ እሱ ነው፣ ይህ ሰው እሱ ነው ማለት ነበረበት። ጣቶቹ ግን ሄዱ።

"አይዞህ ጋሼ" አለው አማቹ በኋላ፣ መሣሪያውን ሳጥኑ ውስጥ እያጋደመ። "ጥሩ አድርገህ ይዘህልኛል።"

ይህ ቃል ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር። ሚስቱ ከዚያ ወዲህ ባሱን ጣውንቴ ማለት ተወች። "ያንን ነገር ከጥጉ አንሣልኝ" አለችው፤ አንሥቶ ሱቅ ወሰደው። አማቹም ሱቅ ዋለ፤ ስፖንጅ መቁረጥ ለመደ፣ መድረክ ሳይረግጥ ኖረ። ሰው በሌለበት፣ ዝናብም ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ሳጥኑን ይከፍታል። ከዓመት ዓመት እየተሻለው ሄደ። ጥርስ ያለው ሰው የማያወጣው፣ የተሸረፈ፣ የሚያንገበግብ ድምፅ ወለደ። የሚሰማው ግን አንድ ቁንጥንጥ ብቻ ነበር።

ያ ዘመንም እንደ ዘመን ሁሉ፣ አያልፍም ሲባል አለፈ። አዲሶቹ ሹማምንት አዳራሹን ቀለም ቀቡትና ባዶዋን ተራ መታሰቢያ አደረጓት። በዓመት አንድ ቀን በግላጭ እዚያው ይሰበሰባሉ፤ ባንዱ ይጫወታል፤ ተራዋ ስትደርስ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፤ ራዲዮ ያስተላልፈዋል። ፒያኒስቱ ሞቷል፣ አሮጊቷም ልጇን ሳታገኝ አልፋለች። ከድሮዎቹ ተጫዋቾች መድረክ ላይ የቀረው ቁንጥንጥ ብቻ ነው፤ ባሱን እንዲይዝ ይጠሩታል።

"በጨለማው ዘመን ለተሰዋው ሳክስፎን ተጫዋች..." ሲል አንድ ዓመት፣ ከዝግጅቱ ቀድሞ፣ ሁለቱ አማቾች ሱቅ ውስጥ ሆነው የራዲዮውን ሰው ሰሙት።

አማቹ መቀሱን አስቀመጠ። "ነፍሱን ይማር፤ ደግ ሰው ነበር" አለና ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

ቁንጥንጥ ግን አልሳቀም። አዘጋጆቹ ቢሮ ገሰገሰ። "ሰውየው አልሞተም፤ ሱቄ ውስጥ ስፖንጅ እየቆረጠ ነው" አላቸው። "እናጣራለን፣ አባት" አሉት። በየዓመቱ ሄደ፤ በየዓመቱ እያጣሩ ነበር። አንዷ ወጣት ሠራተኛ ብቻ ከልቧ መለሰችለት። "ቢመጣና ቢነፋ እኮ" አለችው፣ "ሰው ግራ ይገባዋል።"

በመጨረሻው ዓመት የቁንጥንጥ ጣቶች አብጠው የባሱን ሽቦ መጫን ሊያቅታቸው ደርሶ ነበር። ሚስቱና እሱ አማቹን አንድ ሳምንት ሙሉ ለምነው፣ ሳክስፎኑን ጉልበቱ ላይ አስይዘው ከመድረኩ አጠገብ ካለው ረድፍ አስቀመጡት። ሚስቱ ክንዱን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ዜማው ተጀመረ፣ ተራዋ ደረሰች፣ አዳራሹ አንገቱን ደፋ።

ቁንጥንጥ ጣቶቹን ከሽቦው ላይ አነሣ። በዚያች ተራ ላይ ባስ ሲቆም የመጀመሪያው ነበር። መሣሪያውን ወለሉ ላይ አጋደመውና ወደ ፊት ወጣ።

"ወንድሞቼ፣ እህቶቼ" አለ፣ "ሰውየው አልሞተም። ይኸውላችሁ፣ አማቼ ነው፣ እዚህ ነው ያለው።"

ሕዝቡ የዝግጅቱ አካል መሰለው። አንገቱን ይበልጥ ደፋ። አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። አማቹ ሳክስፎኑን ከጉልበቱ ከፍ ሲያደርግ አስተናጋጁ በእግሩ ጣት እየተራመደ መጣና ትከሻውን በአክብሮት ነካው። "አባቴ" አለው በሹክሹክታ፣ "አሁን ዝም የሚባልበት ነው።"

"ቀና በሉ እንጂ!" አለ ቁንጥንጥ፣ መድረኩ ላይ ከዳር ዳር እየተመላለሰ። "እየሰማችሁኝ አይደለም እንዴ? የጥንቱን አይነፋላችሁም፤ ያፏጫል፣ ይንተፋተፋል፣ ያስቀይማችሁ ይሆናል። ያስቀይማችሁ! አንድ ተራ ብቻ ስጡት። የራሱን ተራ ስጡት።"

የሰጠው አልነበረም።